በኩሬው ዳር ያጎደልኩት ቃል

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ኩሬና ሐይቅ ውስጥ የሚበቅል አረም ነው የማጠናው» ስል ብዙውን ጊዜ ይስቅብኛል። «የመሬቱ አልቆ ነው?» ይለኛል። እኔም አብሬ እስቅና ወሬ እለውጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ዕድሜዬን ገፋሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የምፈራው አለቃም የለኝም። ስለዚህ ለገዛ ልጆቼ እንኳ እየቆራረጥኩ ብቻ የነገርኳቸውን ነገር ለእናንተ ሳልቆርጥ ልንገራችሁ። ታሪኩ አያኮራኝም፤ ቀድሜ ልናገር።

ጊዜው የደርግ ነው። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ባሌ ውስጥ «ሰርጎ ገብ» የምትለዋ ቃል ገና ትኩስ ነበረች። ሰው ይታሰርባታል። እኔ ጎባ ተወልጄ ጎባ ያደግሁ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሬ ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩና አንድ መሥሪያ ቤት «የውኃ ሀብት ባለሙያ» ብሎ ቀጠረኝ። ስለ ውኃ ውስጥ ዕፅዋት የተማርኩት ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያየሁትም በጠርሙስ የተቀመጠ አንድ የገረጣ ናሙና ብቻ ነው። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ተምሬያለሁ ብላ አገር የሚጠባት ልጅ ታውቁ የለ? እሷ ነበርኩ።

ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ በስንዴ ማሳዎች መካከል፣ የአንድ የገበሬዎች አምራች ማኅበር ኩሬ ነበር። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ተጨምሮበት ደህና አድርጎ ረብቷል። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኘው እንደሆነ ተነገረ። ባለሥልጣኑ ፊት ለፊቱ ዓሣው በመረብ ሲወጣ እንዲያይ ተፈልጓል። ችግሩ ኩሬው ከሥሩ እስከ አፉ ሣር ሞልቶታል። ላይ ላይ የሚንሳፈፍ አይደለም፤ ከታች ተነሥቶ ውኃው ውስጥ እንደቆመ የሚቀር ነው። መረብ ሲጣል የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ስደርስ ለጉብኝቱ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አጠገባቸው የኩሬው ጠባቂ ኦቦ ሁሴን ነበሩ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ረዘም ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው። ኩሬው የማኅበር ሳይሆን በፊት የእሳቸው ዘመዶች ከብት የሚያጠጡበት ነበር። ውኃውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

«አከም ጂርተ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ እንደማለት ነው።

ጓድ ተሾመ ሰላምታ ላይ ጊዜ አላጠፉም። «ዘጠኝ ቀን ነው ያለን። ይጸዳል አይጸዳም?»

ኦቦ ሁሴን የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ ወስደው አሳዩኝ። ሁለት መንሽ በረጅም ገመድ ጫፍ አስረው ይወረውሩና ከዳር ሆነው ይስባሉ። አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ቦታ ይለቅሙና ያቆማሉ። የወጣውን ሣር ዝናብ መልሶ እንዳያስገባው ርቆ ይከመራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጥሎ ያለውን ይይዛሉ። ከኩሬው ሦስት እጅ አንዱን እንዲህ አጽድተውት ነበር፤ ያጸዱት በኩል ውኃው ጥርት ብሏል፣ ዓሣውም ይታያል።

«ሁሉን ባንዴ ብታነሺበት ዓሣው የት ይገባል?» አሉኝ። «የሚጠለለውም እዚሁ፣ የሚተነፍሰውም በዚሁ ነው። ደግሞ ከብቱን ከላይ ከዳገቱ ያርቁልን። ይሄንን ሣር ያደለበው በዝናብ የሚገባው እበት ነው።»

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አልኩ።

«ሦስት ወር። ኢንሻአላህ።»

ጓድ ተሾመ ወደ እኔ ዞሩ። ያ አስተያየታቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል። «አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ከዳር ሆኜ ወደ ውኃው አየሁና «ይሄ ሣር አይደለም፤ አልጌ ነው። ሥር የለውም። መድኃኒት አለው» አልኩ። አልጌ ማለት እንግዲህ እውነተኛ ሥርና ግንድ የሌለው፣ ውኃ ላይ የሚያረገርገው አረንጓዴ ነገር ነው። እሱን የሚገድል ሰማያዊ መድኃኒት እንዳለ ኮሌጅ ነግረውን ነበር፤ ኮፐር ሰልፌት ይባላል። ለድንች በሽታ የመጣ ጎባ መጋዘን እንዳለ አውቃለሁ።

ኦቦ ሁሴን ሥሩን አይተሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ውረጂና ከጭቃው ነቅለሽ እዪው አሉኝ። አዲስ ጫማ ነበር ያደረግሁት፤ ጭቃው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ሰደዱና አንድ እፍኝ ጎትተው ሰጡኝ። ከግንዱ ተበጥሶ ነው የወጣው፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። እኔ ግን የተበጠሰውን ይዤ «ይኸው፣ ሥር የለውም» አልኩ። ጓድ ተሾመ ሳቁ። ኦቦ ሁሴን አልሳቁም፣ አልተከራከሩኝምም።

ረቡዕ መድኃኒቱ በጆንያ መጣ፤ ፈርመው ያወጡት ጓድ ተሾመ ናቸው። መጠኑን ከደብተሬ አስልቼ አወጣሁ። ኩሬው ላይ ከግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ነበረች፤ እኔ ዋና ስለማልችል አልገባሁባትም። ታንኳዋን የቀዘፉትም፣ ዱቄቱን በቆርቆሮ እየቀዱ የጨመሩትም ኦቦ ሁሴን ናቸው። እኔ ዳር ቆሜ «ወደ ግራ፣ አሁን ወደ መሐል» እላለሁ። ሲወጡ እጃቸውና የጋቢያቸው ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሣሩ እንደቆመ ነው። ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። በእውነት አልጌ ቢሆን ኖሮ በዚያ መጠን መሞት ነበረበት፤ አለመሞቱ ራሱ ተሳስተሻል እያለኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ አንሷል። ቅዳሜ ጠዋት የቀረው ጆንያ በሙሉ እንዲገባ አዘዝኩ።

ኦቦ ሁሴን ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ይበቃል፣ ልጄ። ይሄ ውኃ ትንሽ ነው። ነገር ሁሉ ልክ አለው።»

«ኦቦ ሁሴን፣ የታዘዙትን ያድርጉ» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው በሌሎች ፊት እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ትንሽ አዩኝና ቆርቆሮውን አንሥተው ታንኳዋ ላይ ወጡ።

ሰኞ ሣሩ ወደቀ። ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ተኝቶ ውኃው ተከፍቷል። ጓድ ተሾመ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎሽ» አሉኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ማታ እራት አልበላሁም። ማክሰኞ ውኃው ወደ ቡናማ ሄደ፤ የበሰበሰ ገለባ ሽታ ሸተተ። ኦቦ ሁሴን የኩሬውን ዙሪያ ብቻቸውን ሲዞሩ ዋሉ። ጠርቼ ምን እንደሚያዩ አልጠየቅኋቸውም።

ረቡዕ ጠዋት ከጎባ ስደርስ ዳሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ዓሣው በሙሉ ላይ ወጥቶ አፉን ወደ አየር ከፍቶ ይተነፍሳል። ያን ያህል አፍ በአንድ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ አይቼ አላውቅም፤ ድምፅም ነበረው። ትልልቆቹ ቀድመው ተገለበጡ። ረፋዱ ላይ ኩሬው ነጭ ሆድ ብቻ ነበር። ምን እንደሆነ ገባኝ። መርዙ አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ የባሰው ደግሞ የሞተው ሣር በሙሉ ባንዴ ሲበሰብስ የውኃውን አየር መጨረሱ ነው። ኦቦ ሁሴን በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

ጉብኝቱ ሐሙስ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከጎባ የደኅንነት ሰው መጣ። ጉንፋን የያዘው፣ በመሐረብ አፍንጫውን የሚጠርግ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። አልጮኸብንም። ሳጥን ላይ ተቀመጠና ወረቀት አወጣ። እኔ፣ ጓድ ተሾመና ኦቦ ሁሴን ፊቱ ቆምን።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ። «ባለሥልጣን ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ኩሬ ተመረዘ። ውኃው ውስጥ ይሄን ነገር የጨመረው ማን ነው?»

ጓድ ተሾመን አየሁ። ጫማቸውን ያያሉ። በዚያ ሰሞን በእርሻ አሻጥር ተጠርጥሮ ጎባ እስር ቤት የገባ ሰው አውቅ ነበር፤ ሚስቱ የት እንዳለ እንኳ አታውቅም። እናቴን አሰብኩ።

«ኦቦ ሁሴን ናቸው የጨመሩት» አልኩ።

ውሸት አይደለም። አንድም ሐሰት የለበትም። ያዘዝኳቸው እኔ መሆኔን ብቻ ሳልጨምር ቀረሁ። ሰውዬው የኦቦ ሁሴንን እጅና ጋቢ አየ፤ ሰማያዊው አለ። ስማቸውን ጠየቃቸውና ሌላ ወረቀት ገለጠ።

«አንተ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሶማሊያ የተሻገረ ወንድም አለህ አይደል?»

«አለኝ» አሉ ኦቦ ሁሴን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። የጀመርኩትን እስክጨርስ የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት። ዝም ስል በኦሮምኛ ቀስ ብለው «ኢሰ ሀፌ ኢቲ ሂሚ» አሉኝ። የቀረውን ንገሪያቸው ማለት ነው።

የደኅንነቱ ሰው ኦሮምኛ አይሰማም። «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለታችንም እንሰማለን፤ እኔም ጓድ ተሾመም እዚያው አገር የተወለድን ነን። መድኃኒቱን የፈረሙት ጓድ ተሾመ ናቸው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከሁለታችን ቀድመው የተናገሩት ጓድ ተሾመ ናቸው። «ይጸልያል፣ ጓድ» አሉ።

ሰውዬው እኔን አየኝ። «እንደሱ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ አልኩ ማለት ነው።

ኦቦ ሁሴን አማርኛ ጥርት አድርገው ያውቃሉ። ጓድ ተሾመ ያሉትን ሰምተዋል፣ የእኔንም ራስ መነቅነቅ አይተዋል። «ያዘዘችኝ እሷ ናት» ሊሉ ይችሉ ነበር። ለምን እንዳላሉ አላውቅም። ምናልባት እኔ ካልተናገርኩ እሳቸውን ማን ያምናል ብለው ይሆናል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሐል ሆነው ወደ መኪናው ሲሄዱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ አልዞሩም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ከነጫማዬ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ጭቃው ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ አንድ የሞተ ሣር ከታች ቀስ ብዬ ነቀልኩ። ነጭ ሥር ወጣ፤ ረጅም፣ ብዙ፣ ክር ክር ያለ። ግንዱ ላይ ቅጠሎቹ ተራ በተራ በቅለዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ ጅማት አለ። የትም ቦታ ያለ ሕፃን ልጅ ተክል ነው የሚለው ተክል ነው። ይህን ለማየት የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሐሙስ ባለሥልጣኑ መጣ። ስንዴውን ሃያ ደቂቃ ያህል አየና ሄደ። ስለ ዓሣ ማንንም አልጠየቀም።

ሐሙስም ዓርብም ቅዳሜም ቃሌን በወረቀት ጻፍኩ፤ ጽፌም ቀደድኩት። አንዱን «በስሕተት» እላለሁ፣ አንዱን «በበላይ ትእዛዝ» እላለሁ፣ ከዚያ እናቴ ስትገባ ከትራሱ ሥር እከተዋለሁ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ነበር ቀኑን የምገፋው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የኦቦ ሁሴን ባለቤት አዴ ሩቂያ ቤታችን መጡ። እጃቸው ላይ ባዶ የምግብ ዕቃ አለ። ገብተው እንዲቀመጡ ብለምናቸው በር ላይ መቆሙን መረጡ።

«ከእስር ቤቱ በር ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ምግቡን ተቀብለውኛል፣ አልሐምዱሊላህ። እሱን ሳያሳዩኝ ግን መለሱኝ። ልጄ፣ ያዘዝሽው አንቺ እንደሆንሽ ቤት ነግሮኝ ነበር። ሄደሽ ይሄንኑ ንገሪልኝ። ሌላ ነገር አልለምንሽም።»

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«ነገ?» አሉ። ባዶውን ዕቃ ይዘው ሄዱ።

ሰኞ እስር ቤቱ ሄድኩ። ያው ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ አልጌ ማለቴን፣ ሁለተኛውን ጆንያ፣ «የታዘዙትን ያድርጉ» ማለቴን። የጸሎቱን ብቻ አልነገርኩትም። አንድ በአንድ ጻፈና አስፈረመኝ። ከዚያ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተ።

«ቅዳሜ ወስደውታል» አለኝ።

«የት?»

«አንቺን አይመለከትም።»

ቅዳሜ። እሑድ የአዴ ሩቂያን ምግብ የተቀበሉት እዚያ ለሌለ ሰው ነው ማለት ነው። ከግንቡ ውጭ ወጥቼ መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። የሮቤ አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። እኔም ልታሰር ነው ብዬ እዚያው ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም።

የእኔ ቅጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ በመሥሪያ ቤቴ በኩል ደረሰኝ። «በሥራሽ ላይ ላሳየሽው ግድየለሽነት» የምትል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ናት፤ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ፈርቼ፣ አንድ ሰው አሳልፌ ሰጥቼ ያመለጥኩት ከዚያች ወረቀት ነው። ቆይቶ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው ኦቦ ሁሴን ክረምቱን ሳይጨርሱ እስር ላይ እንደሞቱ ለቤተሰቡ ነገረ። አስከሬን አልተሰጠም፤ የተቀበሩበትን የሚያሳይም የለም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ወጣቶች ባለሙያዎች፣ ከእኔ የሥራ ምክር የምትፈልጉ ካላችሁ አጭር ነው። ውኃ ውስጥ የበቀለ ነገር ስታዩ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ግቡና ከሥሩ ንቀሉት። ሥር አለው ወይ? ቅጠሉ ግንዱ ላይ እንዴት ነው የተቀመጠው? ስትጨምቁት እንደ አንዳንዱ ተክል መሳይ አልጌ ይሸታል ወይ? መድኃኒት የግድ ከሆነ ከኩሬው ከፊሉን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን ለዓሣው ተዉለት፤ ቆይታችሁ ተመለሱ። ከዚያ በፊት ግን ከላይ የሚገባውን እበት ከልክሉ፣ በእጅና በመንሽ የሚሠራውን ሞክሩ፣ ውኃው አጠገብ ያረጀ ሰው ካለ ደግሞ ተቀምጣችሁ ስሙት። ቆይቼ መምህር ስሆን ይህን ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተምሬያለሁ፤ ጎበዝ መምህር ነሽ ይሉኛል። ከማን እንደተማርኩት ግን አንድ ቀን አልነገርኳቸውም።

ጫማ አውልቆ ጭቃ ውስጥ መግባት ይለመዳል። እኔን ዕድሜ ልኬን የበላኝ ያ ራስ መነቅነቅ ነው። ስለ ኩሬው ስሕተት ለመናገር አምስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለዚያኛው ግን መንግሥት እስኪለወጥ ጠበቅሁ። ያኔ ሮቤ ሄጄ አዴ ሩቂያን ቤታቸው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተው ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባለቤታቸው በኦሮምኛ ምን እንዳሉኝ፣ ጓድ ተሾመ ምን ብለው እንደተረጎሙት፣ እኔም ራሴን እንዴት እንደነቀነቅሁ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝ።

አዴ ሩቂያ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን ፈርተሽ ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው። «በጣም ፈርቼ ነበር።»

«እሱም ፈርቶ ነበር» አሉኝ።